የ450 ቮልቱ ውሸት

ጁን 18 ቀን 1961 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ የሚታተመው ጋዜጣ አንድ ማስታወቂያ ይዞ ወጣ። ስለ ማስታወስና ስለ መማር ለሚካሄድ ሳይንሳዊ ጥናት 500 የከተማው ወንዶች ይፈለጋሉ ይላል። ለአንድ ሰዓት 4 ዶላር ይከፈላል፤ ለትራንስፖርት 50 ሳንቲም ይታከላል። የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ነጋዴ፣ ጸሐፊ፣ ማንም ቢሆን ዕድሜው ከ20 እስከ 50 ከሆነ መምጣት ይችላል። የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎች ግን አይፈለጉም።

ክፍያው እውነት ነበር። ጥናቱ ግን ስለ ማስታወስ አልነበረም።

ማስታወቂያውን ያወጣው ስታንሊ ሚልግራም፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሥራ ከጀመረ ብዙም ያልቆየ የ27 ዓመት ረዳት ፕሮፌሰር ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው ኒው ዮርክ ከገቡ አይሁድ ወላጆች የተወለደ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከኤፕሪል ጀምሮ በኢየሩሳሌም የሚካሄደውን የአዶልፍ አይክማንን የፍርድ ሂደት ዓለም ሁሉ እየተከታተለ ነበር። አይክማን በሚሊዮን የሚቆጠሩ አይሁዳውያንን ወደ ሞት ያጓጓዘውን ሥራ ያቀናጀ የናዚ መኮንን ነው፤ መከላከያውም አንድ ነበር፦ ታዝዤ ነው። ሚልግራም ማወቅ የፈለገው፣ በኒው ሄቨን ጎዳና የሚያልፍ ተራ ሰው፣ መሣሪያ ሳይደገንበት፣ የእንጀራ ገመዱ ሳይያዝበት፣ አዛዥ ስላዘዘው ብቻ ምንም ያልበደለውን ሰው ምን ያህል ድረስ እንደሚያሠቃይ ነው።

ይህን ደግሞ በቀጥታ ጠይቆ መልስ ማግኘት አይቻልም። ጨካኝ ነህ ወይ ቢባል ማን አዎ ይላል? በዚያ ዘመን የአሜሪካ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ ለምዶ ነበር። ሐሰተኛ ሁኔታ ይፈጠራል፤ ተዋናዮች ይቀጠራሉ፤ ምንም የማያውቀው ሰው ይገባል፤ ተመራማሪው በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ጀርባ ሆኖ ይመለከታል። ስለ ሰው ልጅ ድፍረት፣ ርኅራኄና ታዛዥነት ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚነበቡት ዝነኛ ግኝቶች አብዛኞቹ የተገኙት በዚህ መንገድ፣ ማለትም በውሸት ነው።

ሚልግራም ዘዴውን የወረሰው በረዳትነት ካገለገለው ከሰለሞን አሽ ነው። በ1907 ዋርሶ የተወለደው አሽ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ሙከራ ከውሸት ሁሉ የዋሁ ሊባል ይችላል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ የሚሆኑ ወጣቶች አንድ ክፍል ተቀምጠው የመስመሮችን ርዝመት ያወዳድራሉ። ከአንዱ በቀር ሁሉም የአሽ ሰዎች ናቸው፤ በተመረጡ ዙሮችም ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ያ ብቸኛ ሰው ዓይኑ የሚያየውንና ጆሮው የሚሰማውን ማስታረቅ አቅቶት ይቁነጠነጣል። በእነዚያ ዙሮች ከተሰጡት መልሶች ሲሶ ያህሉ ከብዙኃኑ ስሕተት ጋር አብረው ሄዱ። ከአራት ሰዎች አንዱ ግን አንድም ጊዜ አልተከተለም። መምህራን ሲያስተምሩ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዘው ሁለተኛውን ይዘነጋሉ። አሽ ራሱ የተገረመው ግን በእምቢተኞቹም ጭምር ነበር።

የሚልግራም ውሸት ከዚህ ይከብዳል። ዝግጅቱንም ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዷ ዕቃ የተመረጠችው ለማሳመን ነው።

ተሳታፊው በቀጠሮው ሲደርስ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛል። ወፈር ያለ፣ ገራገር የሚመስል፣ የ47 ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ። ግራጫ ጋዋን የለበሰ፣ ፊቱ የማይፈታ ተመራማሪ ሁለቱን ያስተዋውቃቸዋል፤ ቅጣት ለመማር ይረዳ እንደሆነ እያጠናን ነው ይላቸዋል። አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ ተማሪ እንዲሆን ዕጣ ያወጣሉ። በሁለቱም ወረቀቶች ላይ የተጻፈው “አስተማሪ” የሚል ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛው ገልጦ “ተማሪ” ደርሶኛል ይላል። እሱም የሚልግራም ሰው ነው። ግራጫ ጋዋን የለበሰውም ቢሆን የሥነ ልቦና ምሁር አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው።

ከዚያ “ተማሪው” በሚቀጥለው ክፍል ወንበር ላይ በቀበቶ ይታሰራል፤ ክንዱ ላይ ቆዳው እንዳይቃጠል የሚል ሰበብ ተሰጥቶት ቅባት ይቀባል። “አስተማሪው” ደግሞ አንድ ማሽን ፊት ይቀመጣል። ከ15 ቮልት ጀምሮ በ15 እየጨመሩ 450 ቮልት የሚደርሱ 30 ማብሪያ ማጥፊያዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ከሥራቸው ቀላል ንዝረት፣ ጠንካራ ንዝረት፣ አደገኛ ንዝረት እያለ የሚሄድ ጽሑፍ አለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ግን ከሦስት የኤክስ ምልክቶች በቀር ምንም አልተጻፈም። ማሽኑ ላይ የአምራች ድርጅት ስምና የተሠራበት ከተማ ሳይቀር ተቀርጿል። እንዲህ ያለ ድርጅት የለም። አስተማሪው ጥርጣሬ እንዳይገባው የ45 ቮልት ንዝረት በራሱ ክንድ ይቀምሳል። በጠቅላላው ሙከራ ውስጥ እውነተኛው ኮረንቲ ይህ ብቻ ነበር።

ተማሪው በተሳሳተ ቁጥር ቅጣቱ በአንድ ደረጃ ይጨምራል። በ1963 በታተመው የመጀመሪያው ጥናት ተማሪው 300 ቮልት ላይ ግድግዳውን ይደበድባል፤ 315 ላይ ደግሞ ይደበድባል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አይሰማም፤ መልስም አይሰጥም። ዝምታው እንደ ስሕተት ይቆጠርና ቅጣቱ ይቀጥላል። አስተማሪው ዘወር ብሎ ምን ላድርግ ቢል፣ ጋዋን ለባሹ እየከረሩ የሚሄዱ አራት የተዘጋጁ ማሳሰቢያዎች አሉት፤ የመጀመሪያው በትሕትና ቀጥል የሚል ሲሆን የመጨረሻው ሌላ ምርጫ የለህም እስከ ማለት ይደርሳል።

ሚልግራም ውጤቱን ለአእምሮ ሐኪሞች ገምቱ ብሎ ነበር። እስከ መጨረሻው የሚሄደው ከሺህ አንድ ሰው ነው አሉት።

ከ40ዎቹ ወንዶች 26ቱ፣ 65 በመቶው፣ 450 ቮልት ድረስ ሄዱ። ከ300 በፊት ያቆመ አንድም ሰው አልነበረም። ደስ እያላቸው አላደረጉትም። ላባቸው ይንቆረቆራል፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ ጥፍራቸውን በመዳፋቸው ይቀብራሉ። 14ቱ ያለ ቦታው የሚመጣ ሳቅ ያዛቸው፤ ከእነዚያም ሦስቱን ሳቁ እንደሚጥል በሽታ አንዘፈዘፋቸው። ሚልግራም ይህን ሁሉ ጥናቱ ውስጥ በዝርዝር ጽፎታል። ጽሑፉን ዛሬ የሚያነብ ሰው፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ሰውም ቢሆን አቁሙ ያለማለቱ ሳይገርመው አይቀርም።

እስከ ሜይ 1962 ከ20 በላይ በሆኑ የተለያዩ አቀማመጦች 780 ያህል ሰዎች በዚያ ማሽን ፊት ተቀመጡ። የሚልግራም እውነተኛ ሙያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ በዝነኛው 65 በመቶ ተሸፍኖ የቀረውም ይኸው ነው። ተማሪው አጠገብ ሆኖ እጁን በኃይል ይዞ ንዝረት የሚሰጠውን ሰሌዳ ማስነካት ሲያስፈልግ ታዛዡ 30 በመቶ ሆነ። አዛዡ ክፍሉን ለቆ በስልክ ሲያዝዝ 20 በመቶ አካባቢ ወረደ፤ አንዳንዱ በስልክ እሺ እያለ በእጁ ግን ዝቅተኛውን ቁልፍ ይጫን ነበር። የዬል ስም እንዳይኖርበት ብሪጅፖርት በሚባል ከተማ ተራ ቢሮ ተከራይተው ሲሞክሩት ከግማሽ ትንሽ አነሰ። ሁለት ሌሎች አስተማሪዎች አጠገቡ ሆነው እምቢ ሲሉ እስከ መጨረሻው የሄደው ከ40 ሰው 4 ነው። ሁለት ጋዋን ለባሾች ፊቱ ሲከራከሩ፣ አንዱ ቀጥል አንዱ አቁም ሲለው፣ አንድም ሰው አልቀጠለም። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ለሚል አገር አንባቢ ይህ የመጨረሻው ግኝት ከሁሉ በላይ የሚያስገርም ይመስለኛል፤ ሥልጣን ሲሰነጠቅ ታዛዡ ወዲያው ሰው ይሆናል።

ጥናቱ በታተመ በዓመቱ፣ በ1964፣ ዳያና ባውምሪንድ የተባለች የበርክሊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአሜሪካ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር ዋና መጽሔት ላይ ወቀሳዋን አወጣች። ክርክሯ ሁለት ስለት ነበረው። አንደኛ፣ ወደ ቤተ ሙከራ የሚገባ ሰው ተመራማሪውን አምኖ ነው፤ ያን አመኔታ ተጠቅሞ ሰውን ማዋረድና ማስጨነቅ ነውር ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ስለ ዘዴው ነው። ሰው ወደ ቤተ ሙከራ የሚመጣው ባለሙያውን ሊሰማ ተዘጋጅቶ ስለሆነ፣ እዚያ የታየው ታዛዥነት ስለ ናዚ ሹማምንት ምን ሊነግረን ይችላል? እሷ ዘንድ ሥነ ምግባሩና ዘዴው የተለያዩ ጥያቄዎች አልነበሩም። በእኔ ግምት ከዚያ ወዲህ በሙያው ላይ የደረሰው ሁሉ የሷን መንገድ የተከተለ ነው።

ሚልግራም መለሰላት። ለተሳታፊዎቹ መጠይቅ ልኬያለሁ፤ ከመለሱት 84 በመቶው በመሳተፌ ደስ ብሎኛል ብለዋል፤ አዝናለሁ ያሉት 1.3 በመቶ ናቸው። ከሙከራው በኋላም እውነቱ ተነግሯቸው ከ“ተማሪው” ጋር ተጨባብጠው ነው የሄዱት።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ብዙም ሳትመረመር ቆየች። ሰነዶቹና የድምፅ ቅጂዎቹ የተቀመጡት በዬል ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ አውስትራሊያዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያና ጸሐፊ ጂና ፔሪ አንድ በአንድ አዳመጠቻቸው፤ በ2012 መጽሐፏን አወጣች። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ከቤተ ሙከራው ሲወጡ ሙሉውን እውነት አልሰሙም፤ ሰውየው በሕይወት እንዳለና ደኅና እንደሆነ ብቻ አይተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማሽኑ ሐሰት እንደነበር ያወቁት ወራት ቆይቶ ሚልግራም ሪፖርት በፖስታ ሲልክላቸው ነው። ኒው ሄቨን ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰውየው ሳይሞት አልቀረም በሚል ሥጋት የከረመም ነበረ።

ፔሪ ሌላም ነገር አገኘች። ጋዋን ለባሹ በአራቱ ማሳሰቢያዎች አላቆመም፤ ይከራከራል፤ ይጫናል። ከተሳታፊዎቹም ንዝረቱ እውነት እንደሆነ ሙሉ በሙሉ አምነን ነበር ያሉት ከግማሽ ትንሽ ቢበልጡ ነው፤ ያመኑት ደግሞ ከተጠራጠሩት ይልቅ እምቢ የማለት ዝንባሌ ነበራቸው። በመዝገቡ ውስጥ ሚልግራም ያላሳተመው አንድ ሙከራ አለ። በዚያ ሙከራ ተማሪና አስተማሪ ሆነው የሚመጡት የሚተዋወቁ ሰዎች፣ ጓደኛሞች፣ ጎረቤታሞች ወይም ዘመዳሞች ናቸው። ከ20ዎቹ አስተማሪዎች እስከ መጨረሻው የሄዱት ሦስት ብቻ ናቸው። ዘመድን ከዘመድ ጋር እንዲህ ማጋጨት እንኳን ያኔ ዛሬም ይከብዳል፤ ሚልግራም ያላሳተመው ነውሩን ፈርቶ ይሁን ወይም ውጤቱ ታሪኩን ስለሚያሳሳበት፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ።

ውሸትን መሣሪያ ያደረገው ሚልግራም ብቻ አልነበረም። ኒው ዮርክ ውስጥ በማርች 1964 ኪቲ ጄኖቪስ የምትባል ወጣት ሴት መኖሪያዋ ደጃፍ ላይ ተወግታ ተገደለች። የከተማዋ ታላቅ ጋዜጣ 38 ሰዎች እያዩ ፖሊስ ሳይጠሩ ቀሩ ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ የተጋነነ፣ ዘገባውም የተዛባ እንደነበር ቆይቶ ታወቀ፤ ግን ወሬው ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎችን ወደ ሥራ አስገብቷቸዋል። በ1968 ባሳተሙት ሙከራ አንድ ሰው ቅጽ እየሞላ ሳለ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ይገባል። ብቻውን ከሆነ ከአራቱ ሦስቱ ወጥተው ይናገራሉ። ጭሱን ዓይተው ትከሻቸውን ነቅንቀው መጻፋቸውን የሚቀጥሉ ሁለት ተዋናዮች አጠገቡ ሲቀመጡ ግን የሚናገረው ከአሥር አንድ ነው። መነሻው የጋዜጣ ማጋነን፣ መሣሪያው ውሸት፣ ውጤቱ ግን በኋላ በብዙ ሙከራዎች የጸና። ይህ ሙያ እንዲህ ያለ ግራ የሚያጋባ ታሪክ አለው።

ዳርሊ ከዳንኤል ባትሰን ጋር በ1973 ያሳተመው ደግሞ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ የተመሠረተ ነው። በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎች አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ይላካሉ። ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ሥራ ዕድል ነው፤ ከፊሎቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ፣ ማለትም ካህኑና ሌዋዊው ቆስሎ የወደቀውን አይተው ስላለፉት፣ ሳምራዊው ግን ስለራራለት ሰው። በመንገዳቸው ላይ፣ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ፣ አንድ ሰው በር ላይ ተደፍቶ ያስላል፤ ያቃስታል። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 በመቶው ቆመው ረዱ። በመጠኑ ከተጣደፉት 45 በመቶው፤ ዘግይታችኋል ሩጡ ከተባሉት 10 በመቶው። በአእምሯቸው የያዙት ስብከት የሚታመን ልዩነት አላመጣም። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ የሚሮጥ ተማሪ የወደቀውን ሰው ተሻግሮ ሄዷል።

ታሪኩ የሚጥም ነው፤ ስለሚጥምም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። 40 ሰው በሦስት ፍጥነትና በሁለት ርእስ ሲከፋፈል በየምድቡ የሚቀረው ጥቂት ሰው ነው። የሮጡት ሁሉ ደግሞ ልበ ደንዳና አልነበሩም፤ ባትሰንና ዳርሊ ራሳቸው እንዳሉት የሚጠብቃቸው ሌላ ሰው ነበር፣ እሱንም ላለማጉላላት ቃል የገቡ ያህል ነው።

ስለ ስታንፎርዱ የእስር ቤት ሙከራ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። በኦገስት 1971 የዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ፊሊፕ ዚምባርዶ በቀን 15 ዶላር የቀጠራቸውን ወጣቶች እስረኛና ጠባቂ ብሎ ከፋፈለ፤ ራሱ የወህኒው አለቃ ሆነ፤ ሁለት ሳምንት ሊቆይ የታሰበው በስድስተኛው ቀን ተቋረጠ። ያቋረጠውም ያየችው ነገር ያስደነገጣት ክሪስቲና ማስላክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፊት ለፊት ስለተቃወመችው ነው። ፈረንሳዊው ቲቦ ለ ቴክሲዬ በ2018 ያወጣው መጽሐፍ ከመዝገቡ እንዳሳየው ጠባቂዎቹ እንዲከሩ ተነግሯቸው ነበር። ወህኒ ቤት ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ ያረጋገጠ ሙከራ ተብሎ የተማርነው፣ አዘጋጁ ራሱ የተጫወተበት ትያትር ነበር።

እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን የሚገድበው ሕግ ግን የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በአላባማ ቱስኪጊ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ቂጥኝ የያዛቸውን ድኃ ጥቁር ገበሬዎች ሕክምና ነፍጎ ለ40 ዓመት ሲያጠና እንደነበር በ1972 ተጋለጠ። ኮንግረሱ በ1974 የምርምር ሕግ አወጣ፤ በ1979 የምርምር ሥነ ምግባር መርሆዎችን የዘረዘረው የቤልሞንት ሪፖርት ወጣ፤ በመንግሥት ገንዘብ በሰው ላይ የሚሠራ ጥናት በቅድሚያ በኮሚቴ እንዲታይ ተደረገ። የሥነ ልቦና ሰዎችም በ1973 የራሳቸውን ደንብ አጠበቁ። ውሸቱ ግን አልተከለከለም። ሌላ መንገድ ከሌለ፣ የሚገኘው ዕውቀት የሚክስ ከሆነ፣ ከባድ ሥቃይን የማይደብቅ ከሆነና እውነቱ ቶሎ የሚነገር ከሆነ ዛሬም ይፈቀዳል። ጎረቤቶቻቸው የሙከራ ኢኮኖሚክስ ሰዎች በዚህ ይለያሉ፤ ተሳታፊን ያታለለ ጥናት ዋነኛ መጽሔታቸው አያትምም። ምክንያታቸውም ቀላል ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው በሚቀጥለው ሙከራ የሚባለውን አያምንም።

በ2011 ውሸቱ አቅጣጫውን ቀየረ። በሆላንድ የቲልቡርክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዲደሪክ ስታፕል ስለ አድልዎና ስለ ራስ ወዳድነት ባሳተማቸው ጥናቶች የታወቀ ሰው ነበር። ቆሻሻ የበዛበት የባቡር ጣቢያ ሰዎችን የበለጠ አድሏዊ ያደርጋል የሚለውን ጥናቱን በዚያው ዓመት ታላቁ የሳይንስ መጽሔት አትሞለታል። ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ተጠራጥረው አጋለጡት፤ መረጃውን ፈጥሮ እንደጻፈው አመነ፤ 58 ጽሑፎቹ ተሰረዙ። መርማሪው ኮሚቴ ከሰውየው አልፎ፣ አዘጋጆችና ባልደረቦች ዓመታት ሙሉ የሚያምር ውጤት ሲያዩ ጥያቄ ያለማንሳታቸውን ወቀሰ። በ2015 ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የታተሙ የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠሯቸው። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው የተሳካ ውጤት ነበራቸው፤ ሲደገሙ ግን የጸኑት 36 በመቶው ናቸው።

ሚልግራምን መድገምም አልቀረም። ጄሪ በርገር የተባለ የካሊፎርኒያ ተመራማሪ በ2009 ባሳተመው ጥናት ተሳታፊዎቹን አስቀድሞ በባለሙያ አስመርምሮ፣ ባሻህ ጊዜ ትተህ ብትሄድ 50 ዶላሩ የአንተ ነው እያለ አስጀመራቸው፤ በዚህኛው ስሪት ተማሪው ልቀቁኝ የሚልበት 150 ቮልት ላይም ሙከራውን አቆመ። 70 በመቶው ለመቀጠል ተዘጋጅተው ነበር። ከ150 በኋላ ምን ያደርጉ እንደነበር ኮሚቴው ሊፈቅድለት፣ እሱም ሊጠይቅ አልቻለም። ፖላንድ ውስጥም በ2017 የታተመ ጥናት እዚያው ላይ ቆሟል።

ያን ድንበር የተሻገረው ቴሌቪዥን ነው። በማርች 2010 የፈረንሳይ መንግሥት ጣቢያ ፍራንስ 2፣ በሥነ ልቦና ምሁራን አማካሪነት፣ የሚልግራምን ሙከራ የጥያቄና መልስ ውድድር አስመስሎ አቀረበው። ጋዋን ለባሹን የተካችው የፕሮግራሙ አቅራቢ ናት፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ ማሽኑ እስከ 460 ቮልት ይደርሳል። በመደበኛው ዝግጅት ከተወዳዳሪዎቹ ከአምስት አራት ያህሉ የመጨረሻውን ቁልፍ ጫኑ፤ በሚልዮን የሚቆጠር ተመልካችም ከነፊታቸው አያቸው።